የጋሼ ኑዕማን አምስተኛ ኮከብ

ገንዘብ የሚለምን ሰው ፍራንክ ስትሰጡት መርቆ ይሄዳል። ምስጋና የሚለምን ሰው ግን ስትሰጡት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ወጥ አቅርባ እስክትጎርሱ ድረስ አፍ አፋችሁን የምታይ ዘመድ አለቻችሁ። ግድግዳ ቀብቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ እቃውን ሸክፎ፣ «እንዴት ነው ታዲያ?» እያለ በር ላይ የሚገተር ቀለም ቀቢም ታውቃላችሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ገና ተማሪዎች ናቸው። መምህሩ ያለው እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከእኔ ቤት ጋር አንድ ግንብ ተጋርቶ ነው። ክቡር ጋሼ ኑዕማን፣ የአራት ክፍልና የአንድ ሞከየፍ ባለቤት፣ የእንግዳ አባት፣ የኮከብ ሰብሳቢ። ሞከየፍ የምንለው በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ነው፤ በዚህ አገር ሙቀት ከማዕረግ ይቆጠራል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያለምወርቅ እባላለሁ። ከጎንደር ወርጄ ገላባትን ከተሻገርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ አሁን ስናደድ የምሳደበው በአረብኛ ነው። የጋሼ ኑዕማንን አንሶላና መጋረጃ የምሰፋው እኔ ነኝ። ውሃ የምቀዳው ከእሳቸው ግቢ ነው። አማርኛን ይናገሩታል እንጂ ስለማያነቡት፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሲመጣ የማነብላቸውም እኔው ነኝ። ስለዚህ እሳቸውን ማማት መብቴ ነው፤ ፊት ለፊታቸውም አምቻቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በልጃቸው በሰሀር ነው። ጋሼ ኑዕማን ዕድሜ ልካቸውን የሰሊጥ ደላላ ነበሩ። ባለቤታቸው ዘኪያ ካረፈች በኋላ ግቢው ጭር አለ፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሰሀርም ከሰላ ከተማ ተድራ ነው የምትኖረው። ሰሀር መጥታ «ያ አቡይ፣ አባቴ፣ ከእኔ ጋር ኑር» አለች። እሳቸው «የአማች ቤት ጥግ ተቀምጬ ዝንብ አላባርርም» አሉ። አባትና ልጅ ተኳረፉ። በመጨረሻ ሰሀር አንድ ዘዴ አመጣች። ቤት በቀን የሚያከራይ አንድ የስልክ ገጽ ላይ አራቱን ክፍሎች አስመዘገበች። እንግዳ ያድራል፤ ያደረ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ ከፈለገም ሁለት ቃል ይጽፋል። ያላደረ መስጠት አይችልም። ከዚያ ቃል አስገባቻቸው፤ «ሰው ደስ ብሎት ከወጣ ቤቱን ማስተዳደር ችለሃል ማለት ነው፤ ኑርበት። የኮከቡ አማካይ ከአራት የወረደ ቀን ግን ኸላስ፣ አበቃ፣ በቦክሲ መጥቼ ከነፍራሽህ ጭኜህ እሄዳለሁ።» ቦክሲ የምትለው የጭነት ፒክአፗን ነው። ጋሼ ኑዕማንም «ታማም» ብለው እጇን መቱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ኑዕማን ቤት ማከራየት ትተው ምርጫ መወዳደር ጀመሩ።

መፈክራቸው አንድ ነው፤ «ቅር ያለዎት ነገር አለ?» ጠዋት እንግዳው ፉሉን ሲበላ ከአጠገቡ ቆመው ይጠይቃሉ። እንግዳው አፉ ሙሉ ስለሆነ በራሱ ይነቀንቃል። «አልሰማሁም» ይላሉ። እንግዳው ሳያኝክ ይውጥና «ምንም የለም፣ አላህ ይስጥልኝ» ይላል። «ጨውስ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት የገባ እንግዳ ተከትለው ሄደው በሩን አንኳኩ። «ውሃው ይደርሳል? ቅር ያለዎት ነገር አለ?» ከውስጥ «ኧረ በአላህ ይሁንብህ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ወዲያው በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው አበሠሩኝ። «ሰማሽ ያለም? የአላህን ስም ጠራ። በጣም ተደስቷል።»

ከኻርቱም ተፈናቅሎ የመጣ አንድ መሐንዲስ ደግሞ በቀትር ተኝቶ ዓይኑን ቢገልጥ፣ ራስጌው ላይ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጅ ማራገቢያ፣ በአንድ እጅ ስልክ ይዘው ቆመዋል። «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። እኔ መቀሴን ይዤ ደረስኩ። ያ ሰውዬ ጨዋ ነበርና አራት ኮከብ ሰጥቶ በአረብኛ ጻፈ፤ ሰሀር በስልክ ያነበበችልን እንዲህ ይላል፦ «አስተናጋጁ ትጉህ ነው። በጣም ትጉህ ነው። ከሚገባው በላይ ትጉህ ነው።» ጋሼ ኑዕማን «ትጉህ» የምትለዋን ደጋግማ እንድታነብላቸው ለመኗት፤ እስከ ማታ ደረታቸው ተነፍቶ ዋለ።

ሽኝታቸውን የቀመሰ ያውቀዋል። የእንግዳውን ሻንጣ ይሸከማሉ። ይህን የሚያዩ ሰዎች «እንዴት ያለ ትሕትና» ይላሉ፤ ሻንጣው መያዣ መሆኑን ማን ይንገራቸው! መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄደው፣ ሻንጣውን በጉያቸው አቅፈው፣ «ያችን ኮከብ ብቻ ጫን አድርጉልኝ» ይላሉ። ወደ ገላባት የሚሄድ አንድ የሎሪ ሹፌር ቸኩሎ ሳይሰጥ ሞተር አስነሣ። ክቡርነታቸው በዚያ ዕድሜ መወጣጫው ላይ ተንጠለጠሉ። ሎሪው ከከተማው ወጥቶ ኬላው ጋ ሲቆም ነው የወረዱት። የአህያ ጋሪ ተሳፍረው፣ ጋሌቢያቸው አፈር ለብሶ፣ ልክ ከዘመቻ እንደተመለሰ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ገቡ፤ «አምስት! አምስት!»

ያ ሹፌር ከአምስቱ ኮከብ ጋር በአማርኛ የጻፋት ነገርም ነበረች። «ሁሉም ጥሩ ነው፤ የአንሶላው መሐል ስፌት ግን ጀርባዬን ቆረቆረኝ» ይላል። እሷን አላነበብኩላቸውም። የሹፌር ጀርባ ስለ ስፌት ምን ያውቃል? ሁለት ጨርቅ ገጥሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰፊ ጨርቅ ከገበያ የጠፋው በእኔ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ እስካሁን የሳቅሁት እንደማንም ጎረቤት ነው። ያዘንኩላቸው የገዛ አገራችን ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ነው።

በመተማ በኩል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ናቸው። የጋሼ ኑዕማን ግቢ ሲገቡ እናት ቤት የገቡ ያህል ይሆናሉ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ሲሄዱ ጉልበት ስመው ይወጣሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሦስት ኮከብ ይሰጣሉ። «ቤቱ ምንም አይልም። ሰውየው ሰው ነው» ብለው ይጽፋሉ። ጋሼ ኑዕማን የመጀመሪያዋን ሳነብላቸው ቀለማቸው ተለወጠ። «ደውዪለት» አሉኝ፤ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ወንድሜ፣ ምን አጎደልኩብህ?»

«ምንም አላጎደሉም ጋሼ! ነጋ ጠባ እመርቅዎታለሁ እኮ።»

«ታዲያ ሁለቱ ኮከቦች የት ገቡ?»

ሰውየው ደነገጠ። «ጋሼ፣ አምስት እኮ ለፈጣሪ ነው። አራትም ቢሆን ለቅዱሳን ነው። ለሰው ልጅ ሦስት ሲበዛበት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም፤ ይበላሻል። ልብስ ስፌት ያስተማሩኝ ሴትዮ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቀን ነው ያመሰገኑኝ። የሙሽራ ቀሚስ ጨርሼ ሳሳያቸው አገላብጠው፣ አገላብጠው፣ «አልተበላሸም» አሉ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ጋሼ ኑዕማን ግን «አልተበላሸም» ከሰሀር ቦክሲ አያድናቸውም። ከልባቸው የወደዷቸው እንግዶች ኮከባቸውን ያወርዱባቸዋል፤ ገና በሩን ሲገቡ ያጉረመረሙት ደግሞ አምስት ሰጥተው ይሄዳሉ።

አምስትም ሲመጣ ሰላም የለም፤ የሰው ዓይን አለ። ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጣ አንድ ነጋዴ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ቤት፣ እንዲህ ያለ ውሃ፣ በዚህ አገር አይቼ አላውቅም» ብሎ አምስቱንም ኮከብ ሰጠ። ጋሼ ኑዕማን እየዘፈኑ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ የውሃው ሞተር ተቃጠለ። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት እሳቸው ምክንያቱን ሲመረምሩ ቆይተው አገኙት። «ማሻአላህ አላለም! ዓይኑ በላው!» ብለው ጮኹ። «እንዲህ አድንቆ፣ አድንቆ፣ አንድ ማሻአላህ እንኳ ሳይል!» ነጋዴው አገሩ ገብቶ ስልኩ አልሠራ አለ። እስኪያገኙት ድረስ ስልኩን አፋቸው ጋ አስጠግተው እሳቸው ራሳቸው ማሻአላህ ይሉበት ጀመር። መካኒኩ መጥቶ የተቃጠለውን ሽቦ ቀየረ፤ በዚያው ቀን ነጋዴው ተገኝቶ ቃሉን ጨመረ፤ ውሃውም መጣ። ምስጋናውን የወሰደው ነጋዴው ነው። መካኒኩ እስከ ዛሬ ያኮርፋል። ያን ሰሞን ጀሪካን ተሸክሜ የዞርኩት እኔም አልረሳሁትም።

ይሄ ነው እንግዲህ የክቡርነታቸው ኑሮ። ምስጋና ካልመጣ ልጃቸው ትጭናቸዋለች፤ ከመጣም ሞተራቸው ይቃጠላል።

በዚህ መሐል ራሕዋ የምትባል ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። ከስደተኞች ካምፕ ነው የመጡት። እናቷ አደይ ለተትንሳኤ እግራቸው ተሰብሮ፣ ሐኪም ቤት ጀሶ ተደርጎላቸው፣ ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ ታዘዋል። ሐኪሙ ደጋግሞ ስለሚያያቸው ካምፕ መመለስ አልቻሉም። ጋሼ ኑዕማን ሞከየፍ ያለበትን ክፍል ሰጧቸው፤ ለመጸዳጃውም ቅርብ ነው። በማግስቱ ጠዋት እኔ መጋረጃ ልለካ እዚያው ነበርኩ። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን እንደ መቁጠሪያ እያሻሹ ገቡ።

«እማማ፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?»

አደይ ለተትንሳኤ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ቅር ያለኝ?»

«አዎ።»

«የምርህን ነው የምትጠይቀኝ?»

ጋሼ ኑዕማን እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም፤ ሰው ሁሉ የሚለው «ምንም» ነው። ግራ ገባቸው። «ይንገሩኝ እንጂ» አሉ።

«እንግዲያው ቁጭ በል ወደይ፣ ልጄ» አሉ አደይ። ጋሼ ኑዕማን የገመድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ሑመራ ሰሊጥ ነበረን። ደርሶ ነበር። በማግስቱ ልናጭደው ማጭዱን ስለን አድረን፣ ሌሊት ተነሥተን ወጣን። ሰሊጥ ደግሞ…»

«ሲደርስ ካላጨዱት ይከፈታል» አሉ ጋሼ ኑዕማን።

«ይከፈታል።»

«ይፈሳል።»

«ይፈሳል፣ ወደይ። ከዚያ በኋላ ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ቀረ፤ እሱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ቤቴም ተቃጠለ አሉ፤ ይቃጠል። ያ ሰሊጥ ግን ቅር ይለኛል። ዓይኔን ስጨፍን ሲፈስ ይሰማኛል። ይህን ለሰው ብናገር ‹ይቺ ሴትዮ ባሏን ትታ ለሰሊጥ ታለቅሳለች› ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ካምፕ ውስጥ ብዙ ሰው ብዙ ጠይቆኛል፤ ስንት ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ይላል። ቅር ያለኝን የጠየቀኝ አንተ ነህ።»

የሰሊጡ ደላላ ስልካቸውን ጋሌቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። እኔ መጋረጃውን ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ። ስለ ሑመራ መሬት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ነጭ ሰሊጥና ስለ ቀዩ ይነጋገራሉ። «ጋሼ፣ ስልክዎን ረስተው ነው የሚገቡት?» አልኳቸው አንድ ቀን። «እነሱ ኮከብ የሚሰጥ ስልክ የላቸውም» አሉኝ። «ታዲያ ምን ይሠራሉ እዚያ?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ቅር ያላቸውን ገና ነግረውኝ አልጨረሱማ!»

ሙዲሩ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ አብዱልሰላም ነው፤ የሰሊጥ መጭመቂያ ኃላፊ ስለሆነ ሁሉም ሙዲር ይለዋል። ከነሻንጣው፣ ከነሽቶው ገባና ሞከየፍ ያለበትን ክፍል ስጡኝ አለ።

«እሱ ተይዟል፤ ታማሚ አለችበት» አሉ ጋሼ ኑዕማን። «ሌላ ንጹሕ ክፍል አለኝ። በገጹም ላይ የያዙት እሱን ነው።»

«ታማሚዋን እዚያኛው ክፍል አስተኛት።»

«እግሯ ጀሶ ነው፤ አትነሣም።»

«ስማ» አለ ሙዲሩ፤ «እኔ አምስት ኮከብ ስሰጥህ ሰራተኞቼ ሁሉ አንተ ጋ ነው የሚያድሩት። ካልሆነ ደግሞ አንድ ነው የምሰጥህ። አንተ ኮከብ እንደምትወድ ከተማው በሙሉ ያውቃል።»

እኔ ግንቡ ላይ ሆኜ ነበር። ማዳመጥ አይባልም፤ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ለአንድ ኮከብ ሎሪ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አደይን ከነአልጋቸው አንሥቶ ፀሐይ ላይ ቢያወጣቸው አይደንቀኝም ነበር። ጋሼ ኑዕማን ሙዲሩን ትክ ብለው አዩትና በዚያው በለመዱት ድምፅ፣ ከልባቸው፣ «እንግዲያው ቅር ያለዎት ነገር አለ ማለት ነው?» አሉት።

ሙዲሩ ሌላ ቤት በዚያ ሰዓት አላገኘምና ሞከየፍ በሌለበት ክፍል ላቡን ሲጠርግ አደረ። ጠዋት አንድ ኮከብ ሰጥቶ ሄደ። «ክፍሉ ምድጃ ነው። አከራዩ ይጠይቃል እንጂ አይሰማም» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ዓይነት ውሸት በሕይወቴ አላየሁም።

ኮከቡ ከአራት ወረደ። ሰሀር ስልክ ደወለች፤ ድምፅዋ በግቢው ሁሉ ተሰማ። «ኸላስ ያ አቡይ። ቃል ቃል ነው። ጁምዓ እመጣለሁ፤ ልብስህን ሰብስብ።» እሳቸው ስለ ሙዲሩና ስለ አደይ አንዲት ቃል አልነገሯትም። «ታማም» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ዝም አሉ። እንግዳው ፉሉን ሲበላ አልቆሙበትም። መጸዳጃ ቤቱን አላንኳኩም። አንድ ነጋዴ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዞር ብሎ አየ። «ጋሼ ታመዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስንት ዘመን «አቤቱ የእኚህን ሰው አፍ ዝጋልኝ» ያልኩ ሴትዮ፣ ሲዘጋ አልቻልኩትም። ተናደድኩ። መቀሴን ወርውሬ፣ ትራሴን በብብቴ ይዤ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ በራቸው ሄድኩ።

«ክፍል አላችሁ?» አልኩ።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ቤትሽ ምን ሆነ?»

«ጣሪያው ያፈሳል።»

ሰማዩን ቀና ብለው አዩት። ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈውታል። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እንደማንኛውም እንግዳ መዘገቡኝ። ሙዲሩ ያደረበትን ክፍል ሰጡኝ። ከገዛ ቤቴ በአንድ ግንብ ርቄ፣ በእንግድነት ተኛሁ። ተኛሁ ማለትም አይቻልም፤ ጀርባዬን አንድ ነገር ሲፈገፍገኝ አደረ።

ጠዋት ጋሼ ኑዕማን በር ላይ መጡና ዝም ብለው ቆሙ። «ይጠይቁኝ እንጂ!» አልኳቸው። «የከፈለ እንግዳ አይደለሁም?»

«ቅር ያለሽ ነገር አለ?» አሉ ቀስ ብለው።

«አለ! ይሄ አንሶላ መሐል ለመሐል ስፌት አለበት። ማን ነው የሰፋው?»

«አውቃታለሁ» አሉ። «ሹፌሩም ጽፎ ነበር፤ ሰሀር በስልኳ አስተርጉማ ነግራኛለች። ለሰፊዋ ግን አልነገርኳትም። ክፉ ናት።»

ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅነው እኛ ነን።

ሰሀር ከረፋዱ ላይ ቦክሲዋን እያስጮኸች ገባች። አባቷን ሳመች፣ ወዲያው ፍራሻቸውን ጠቅልላ ጫነች፤ ሳጥናቸውንም ጨመረች። እሳቸው ጥላ ሥር ቆመው ያያሉ። ቤቱን ልትዘጋ ስለሆነ ያሉትን እንግዶች ልታሰናብት አደይ ክፍል ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ጀሶውን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ራሕዋ ወንበር ሰጠቻት። የሙዲሩን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ሽቶውንም አልተውኩም።

አደይ ለተትንሳኤ የሰሀርን ፊት አጥንተው፣ «ጓለይ፣ አንቺስ? ቅር ያለሽ ነገር አለ?» አሏት።

ሰሀር ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አቡይ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር…» አለች። «ወላሂ፣ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር እዚህ ግቢ ብቻውን ወድቆ ነው የሚታየኝ። ብቻውን እንዳይሞትብኝ ነው።» ዓይኗን በቶብ ነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ብቻውን?» አሉ አደይ ደንግጠው። «ይሄ ሰው? እኔ እንኳ እስቲ ጥቂት ብቻዬን ልተኛበት ብዬ ለምኜው እምቢ አለኝ!»

ራሕዋ በእጇ አፏን ሸፈነች። ሰሀር እያለቀሰች ሳቀች። በር ላይ የቆሙት ክቡርነታቸው ግን አልሳቁም፤ «ቅር ብሎዎታል እንዴ?» አሉ በድንጋጤ።

ሰሀር ግን የአባቷ ልጅ ናት። ተነሥታ ስልኳን አወጣች። «ቃል ቃል ነው ያ አቡይ» አለች። «ከአራት ወርዷል። አራት ካልገባ ፍራሹን አላወርድም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ኻልቲ ያለምወርቅ፣ ትናንት እዚህ አድረሽ የለ? አስልቼዋለሁ። አምስት ከሰጠሽ አራት ይገባል። አራት ከሰጠሽ አይገባም።»

ሁሉም እኔን አዩ። ጋሼ ኑዕማን ግን አላዩኝም፤ መሬት መሬት ነው ያዩት። ኮከብ እፊታቸው ቆሞ ያልለመኑበት ቀን ያ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። አንዷን ነካሁ። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ሦስተኛዋ ላይ አውራ ጣቴ በልማዱ ቆመ፤ እየጎተትኩ አራተኛዋ ላይ አደረስኩት። አምስተኛዋ ጋ ሲደርስ እምቢ አለኝ። ያስተማሩኝ ሴትዮ ከመቃብር ተነሥተው «ያለም፣ ለሰው?» ያሉኝ መሰለኝ። አምስት የፈጣሪ ነው፤ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቦክሲው ላይ የተጠቀለለውን ፍራሽ አየሁት። ፈገግ ሲሉ የማይታወቅባቸውን፣ ሲያፍሩ ግን ጆሯቸው የሚቀላውን ይህን ነዝናዛ ሽማግሌም አየሁት። ነገ ጠዋት ግንቡ ላይ አንገት የሚያሰግግ ሰው ሳይኖር ስነቃ ታየኝ።

አምስተኛዋን ተጫንኳት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ የእሱን ድርሻ ለጋሼ ኑዕማን ሰጠሁበት።

ከሥሩ «አልተበላሸም» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ትዝ አለኝና «ማሻአላህ» ጨመርኩበት፤ ያ ሞተር ዳግመኛ ቢቃጠል ጀሪካን ተሸክሜ የምንከራተተው እኔ ነኝ።